የንጋቷ ድርሻ

«እኩል ይከፈል» ሲባል ስሰማ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። የሰፈሩ ልጆች ከሬዲዮ የሰሙትን ይዘው ሲከራከሩ ተነስቼ እወጣለሁ። «ጋሽ ገብረአብ ደግሞ ምን ነካው?» ይላሉ። ምን እንደነካኝ ከንስሐ አባቴ በስተቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ የሚያፍርልኝም የሚያፍርብኝም ሰው አልቋል።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንኮበር፣ ጎረቤላ ካለችው ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ክሊኒክ ስል ሁለት ክፍል፣ አንድ የሚያፈስ ቆርቆሮና አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ማለቴ ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ጥርስ እነቅላለሁ። አገሬው ግን «ሐኪማችን» ይለኝ ነበር፤ እኔም «አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ሲያከብሩት የሚጠላ ማን አለ?

ሚስቴ ይመኙሻል አምስት ወልዳ የቀረችልን ንጋቷ ብቻ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋንና ጉልበቷን ሲያማት ቆየና በኋላ በሽታው ልቧ ላይ ሰፈረ። ከምንጭ እስከ ቤታችን ሦስት ቦታ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ሲመሽ እግሯ ያብጣል። ሊያጯት የነበሩ ሰዎች ሽማግሌ ከላኩ በኋላ «እስቲ ጤናዋን እንይ» ብለው በዚያው ቀሩ። ሰው ሁሉ ሐኪም የሚለኝ እኔ ለገዛ ልጄ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። ይህን እያሰብኩ የሰው ጥርስ ስነቅል አንዳንዴ ከሚገባው በላይ እስብ ነበር።

ፈረንጁ ሐኪም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዶክተር ኖርደን ይባላል። መኖሪያው ደብረ ብርሃን ሲሆን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በላንድሮቨር ወደ እኛ ይመጣል። ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶችን ሊሞክር ነበር፤ አንዱ አረቄ የለመደን ሰው ለማስተው፣ አንዱ ለልብ ድካም። አማርኛውን ከመጽሐፍ የተማረ ስለነበር ሲናገር ሳቃችን ይመጣል እንጂ ሐሳቡ አይጠፋንም።

ለብቻዬ አስቀምጦ አስረዳኝ። ኪኒኖቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ግማሹ እውነተኛ መድኃኒት፣ ግማሹ ባዶ። እያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ቁጥር ያለው ጠርሙስ በየወሩ ይሰጠዋል፤ የዓመቱ ጠርሙስ ሁሉ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ይቆለፋል።

«የትኛው ቁጥር እውነተኛ እንደሆነ እኔም አላውቅም» አለኝ። «አዲስ አበባ በታሸገ ፖስታ ተቀምጧል። ዓመቱ ሲሞላ ይከፈታል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚያድን ከሆነ ለሁሉም እንሰጣለን።»

«ለምን አሁኑኑ ለሁሉም አትሰጥም?»

«ማዳኑን በምን አውቄ?»

ለበሽተኞቹ ሁሉን ነገር እንድነግር አዘዘኝ። ሙከራ መሆኑን ነገርኳቸው። ግማሹ ባዶ መሆኑን ግን ዋጥኩት። ባዶ ኪኒን ሊውጥ ከቆላው ድረስ ተራራ ወጥቶ የሚመጣ ማን ነው ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው፤ ከሁሉም የቀለለው።

የአረቄው ሙከራ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ያንን ኪኒን የዋጠ ሰው አረቄ ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ አንጀቱ እስኪወጣ ያስታውከዋል። በርበሬ ነጋዴው ዘርአ ዳዊት ሠርግ ቤት አንዲት መለኪያ ቀምሶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ኮርቻ ሰፊው ወልደአረጋይ ግን፣ እሱም ኪኒኑን እየዋጠ፣ በዚያው ሠርግ አንድ ጠርሙስ ገልብጦ እየዘፈነ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ገበያ መሐል ቆሞ የኪኒን ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«አያችሁ ወይ አንኮበሮች! ለዘርአ ዳዊት መድኃኒት፣ ለእኔ ጠጠር! ፈረንጁ እንኳ የሰው ፊት ያያል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጠጪዎቹ የቀረውን ኪኒን ለዶሮ በትነው ሙከራው በዚያው ቀረ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰው ማሰብ ጀመረ።

የልቡ ሙከራ ሃያ አራት ሰዎች ነበሩት። ከእነዚህ አሥራ አንዱ የእኛው የአቦ ማኅበር አባላትና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። የንጋቷ ቁጥር አሥራ ሰባት ነበር። በሁለተኛው ወር የእግሯ እብጠት ጎደለ። በሦስተኛው ከምንጭ ሳትቀመጥ መጣች። በአራተኛው፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከእናቷ ጋር አሊዩ አምባ ገበያ ወርዳ በርበሬ ተሸክማ ተመለሰች። ያንን አቀበት የማያውቅ ሰው አይገባውም፤ ጤነኛ በቅሎ የሚያስለምን አቀበት ነው። ከላይ ሆኜ መንገዱን ስጠብቅ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ አረፈች። አጠገቤ ስትደርስ ላብ በላብ ሆና ትስቅ ነበር፤ ከንፈሯ ቀይ ነው። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። በሳምንቱ እነዚያ የቀሩት ሽማግሌዎች «እግዜር ይመስገን፣ ልጅቱ ተሻላት አሉ» እያሉ ብቅ አሉ።

ከእኛ በታች የምትኖረው ፈታይዋ እትዬ ወለተሐናም የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ በእንዝርቷ የምታድር ሴት ናት። ቁጥሯ ዘጠኝ ነው። የእሷ እብጠት ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ሆድ ወጣ። ንጋቷን ባየች ቁጥር «ተመስገን፣ አንዳችን እንኳ ዳንን» ትላለች። ቅናት የሚባል ነገር አልነበረባትም። ብትቀና ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት አምስት ማኅበሩ ሙሴያችን በሆነው በአቶ ተክለጊዮርጊስ ቤት ዋለ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። አባ ወልደተንሣኤ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እትዬ ወለተሐናን ሁለት ሰው ደግፎ አስገብቷት በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እግሯ ጫማ አያስገባም። ጠላው ከመዞሩ በፊት ተክለጊዮርጊስ ጽዋውን መሐል ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ገብረአብ፣ ጽዋው ፊት ነህ። የልቡም ኪኒን እንደ ወልደአረጋይ ያለ ባዶ አለበት ወይ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን የአቦን ጽዋ ፊት ለፊት እያየሁ እንዴት ብዬ?

«አለበት» አልኩ። «ግማሹ።»

«የማን የማን ነው ባዶው?»

«አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።»

«ወግድ!» አለ አንዱ ከጥግ። «የደገሰ ሰው ለማን ምን እንዳቀረበ አያውቅም?»

ሁሉም የእትዬ ወለተሐናን እግር ያይ ነበር። ከዚያ ደግሞ እኔን። ማን መድኃኒት፣ ማን ባዶ እንደሚውጥ ለማወቅ ፖስታ መክፈት አላስፈለጋቸውም።

አባ ወልደተንሣኤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባንድ ጽዋ ጠጥተን አንዱ እየዳነ አንዱ እየሞተ ይሄ ማኅበር አይባልም ልጆቼ። የሐዋርያት ማኅበር ያለውን ባንድ ላይ ነበር የሚያደርገው።»

ተክለጊዮርጊስ ፈረደ። የአሥራ አንዱም ጠርሙስ ይመጣል፤ ሰፌድ ላይ ይደባለቃል፤ ለእያንዳንዱ በቁጥር እኩል ይታደላል። ሐኪሙ ከሰማ ሙከራውን ስለሚያቆም ነገሩ ከጽዋው እንዳይወጣ ሁላችንም እንማማላለን።

«መድኃኒት እኮ በልኩ ነው» አልኩ። «ከልኩ ካነሰ...»

«ለልጅህ ነው የምትከራከረው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

እውነቱን ነበር፤ ለልጄ ነው የምከራከረው። ለልጄ መከራከሬን ደግሞ እንደ ወንጀል ቆጠርኩት። ሰው በገዛ ልጁ ማፈሩን ምን ይሉታል? ጽዋውን ስሜ ማልኩ።

ቤት ስደርስ ይመኙሻል ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ጠርሙሱን ባቄላ ከያዘው ቅል ውስጥ ቀብራዋለች።

«የታለ?» አልኳት።

«ጠፋ በላቸው።»

«ይመኙሻል፣ ምዬ መጣሁ።»

«አንተ ማል። እኔ አራት ቀብሬያለሁ፤ አምስተኛ አልቀብርም። ወለተሐናን እግዜር ይማራት፣ እኔ ምን ላርጋት? ደሞ አንተ ቁልፉ ያንተ፣ ቁም ሳጥኑ ያንተ፣ ሌላ ጠርሙስ ወስደህ ብትሰጣቸው ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ያንተ ማወቅ ይገንዛት!» አለችኝ።

ንጋቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ብድግ ብላ ቅሉን ዘቀዘቀችና ጠርሙሱን ከባቄላው መሐል አውጥታ ሰጠችኝ።

«ግማሹ ይበቃኛል አባዬ» አለች። «አሁን እኮ ድኛለሁ።»

ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች? አቀበት ወጣሁ ብላ የዳነች መስሏት ነው። የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ቢያንስ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ያቺን ቃሏን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁ። ሰው «ገብረአብ ቀጥ ያለ ሰው ነው» እንዲል ፈልጌ ነበር። ጽድቅ አይደለም፤ ኩራት ነው። ልጄን በኩራቴ ነው የገበርኳት።

በማግሥቱ አሥራ አንዱ ጠርሙስ ሰፌድ ላይ ተገለበጠ። ተክለጊዮርጊስ እጁን ታጥቦ እንደ ምስር አደባለቀው። ከዚያ ሁለት ሁለት እያደረገ በየጠርሙሱ መለሰ። አንድ ኪኒን ከሰፌዱ ወድቃ ጠፍታ ሁላችንም በጉልበታችን ተንበርክከን ስንፈልግ ቆየን። ስትገኝ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ፍቅር በማኅበራችን ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሐኪሙ ሰጥቶ ሲሄድ ሰፌዱ ይወጣ ጀመር። በሰኔ የሚካኤል ማኅበርተኞችም ሰምተው የራሳቸውን በሽተኞች እንዲሁ አደረጉ። ከሃያ አራቱ ያልተደባለቀ ሦስት ሰው ቢቀር ነው።

የእትዬ ወለተሐና እብጠት ከሆዷ ወረደ። በሐምሌ በበትር ቤተ ክርስቲያን መጣች። የንጋቷ እግር ደግሞ በዚያው ሐምሌ አበጠ። መጀመሪያ ከምንጭ ስትመለስ አንድ ቦታ አረፈች፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ እናቷ እንስራውን ተቀበለቻት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። በእህል ጆንያ አስደግፈን ተቀምጣ ታንቀላፋ ነበር። ሽማግሌዎቹም እንደ አመጣጣቸው ቀሩ።

ተክለጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። ማሳው ላይ አገኘሁት።

«አያ ተክለጊዮርጊስ፣ የልጄን ጠርሙስ መልሱልኝ። እየሞተችብኝ ነው።»

ሞፈሩን አቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ወለተሐና ትናንት ተራምዳ ነው የመጣችው ወንድሜ» አለ። «ከእሷ አፍ እንቀማ? አንተ ፍረድ። አንተ ቀማ ካልክ እቀማለሁ።»

መፍረድ አቃተኝ። ሳልፈርድ ተመለስኩ።

ሌላም መንገድ ነበረኝ። ነሐሴ ላይ ዶክተር ኖርደን ጭቃውን እየዋኘ መጣ። ንጋቷን አዳመጣት፣ ፊቱ ጠቆረ። ካርዷን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ደህና ነበረች እኮ። መድኃኒቷን በትክክል ትወስዳለች?»

አንዲት ቃል ነበር የሚበቃው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ማሕላው ትዝ አለኝ፤ ማኅበርተኛው ሲያየኝ ፊቱን ሲያዞር ታየኝ፤ ግማሹ ባዶ መሆኑን አለመናገሬ ሲወጣ፣ ከሥራ ስባረር ታየኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ።

«ሁለት ሁለት፣ ጠዋትና ማታ» አልኩ። «አንድ ቀን አጉድላ አታውቅም።»

ውሸት አልነበረም። እሱም «አጉድላ አታውቅም» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ።

በጳጉሜ ሁለት፣ ረፋድ ላይ፣ ደጅ አውጡኝ አለች። ጆንያውን በሩ ላይ አድርገን አስደገፍናት። ገደሉ በጉም ተሞልቷል፤ ከአጥራችን ወዲያ ምንም አይታይም።

«አባዬ፣ አሊዩ አምባ ይታያል?»

«አይታይም ልጄ፤ ጉም ነው።»

«ሲገልጥ ንገረኝ።»

ይመኙሻል አጥሚት ልታመጣላት ገባች። ስትመለስ ሳህኑን ጣለችው። ጉሙ የገለጠው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እየገነዝናት ነበር።

ይመኙሻል ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቤት እየኖርን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እስክትሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርን። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ነገር ግን ስሜን አትጠራም። አልፈረድኩባትም።

በጥር ዶክተር ኖርደን የተከፈተውን ፖስታ ይዞ መጣ። ከሲታ ሆኗል። ክሊኒኩ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ልዩነት የለም» አለ። «እውነተኛውን የወሰዱና ባዶውን የወሰዱ እኩል ናቸው። መድኃኒቱ አይሠራም። እኔ ተሳስቻለሁ ገብረአብ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሠራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ።»

«አሥራ ሰባት ቁጥር ምን ነበር?» አልኩት።

ጣቱ ወረቀቱ ላይ ወረደ። የማን ቁጥር እንደሆነ ያውቃል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «እውነተኛው» አለ።

«ዘጠኝስ?»

«ባዶ። አየህ? እውነተኛውን የወሰደችው ሞተች፣ ባዶውን የወሰደችው ቆማ ትሄዳለች። ይህን መድኃኒት ለሰው ስጡ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?»

ያን ጊዜ ብናገር ንጋቷ አትነሳም። ሌሎቹ ግን ነበሩ፤ እትዬ ወለተሐና ነበረች፤ በሌላ አገር ያሉ የማላውቃቸው ልጆችም ነበሩ። ይህ ሁሉ ገብቶኛል፤ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ብናገር «ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ» ብዬ በገዛ አፌ መናገሬ ነው። አልቻልኩም። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩለት። የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያወጣሁ ሣጥን ውስጥ ደረደርኩለት፣ ላንድሮቨሩ ድረስም ተሸከምኩለት። እጄን ጨብጦ «ስለ ልጅህ አዝናለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እትዬ ወለተሐና በበትሯ እየተመረኮዘች መጣች። ጠርሙሷን አጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። እግሯ ማታ ማታ እንደገና ማበጥ መጀመሩን ነገረችኝ።

«ሐኪሙ ቀርቷል እትዬ» አልኳት። «መድኃኒቱም ቀርቷል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ከንጋቷ ድርሻም የተረፈ የለም? ካረፈች ወዲህ የእሷን ለእኛ ነበር የሚያካፍሉን፤ ምናልባት ትንሽ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አልተረፈም» አልኳት።

ጠርሙሷን መልሳ ቋጠረች። ደግፌ አስነሳኋት። ክንዴን ይዛ ፊቴን ትክ ብላ አየችና መረቀችኝ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። አንተ እኮ ከልጅህ አፍ ነጥቀህ ነው ያበላኸን። እንዳንተ ያለ ሰው የት ይገኛል?»

ቁልቁለቱን ቀስ እያለች ወረደች። ለፋሲካ አልደረሰችም።